ኪያር በጥሬው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኪያር የሚወራው ነገር ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ ወገን «ውሃ ብቻ ነው፣ ምንም የለውም» ይላል። ሌላው መድኃኒት ያደርገዋል፤ መርዝ ያጥባል፣ ስብ ያቀልጣል፣ ፊት ያጠራል ይባልለታል። እኔ ኪያርን ከልቤ እወዳለሁ። ለዚያም ነው ያልሆነውን ነው ሲሉት የሚቆጨኝ። እንዲሁ እንዳለ ሲታይ በቂ ጥሩ ምግብ ነው። እስቲ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን እንየው።

ኪያር ውስጥ ምን ምን አለ?

ከሁሉ በፊት ውሃ። ከነልጣጩ ከተመዘነ 100 ግራም ጥሬ ኪያር ውስጥ 95 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። የሚሰጠው ጉልበት 15 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው። ካርቦሃይድሬቱ 3.6 ግራም ገደማ ሲሆን ከዚያ ውስጥ 1.7 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። ፕሮቲኑ 0.65 ግራም፣ ፋይበሩ 0.5 ግራም ነው። ስቡ 0.1 ግራም ስለሆነ የለም ቢባል ይቀላል።

ከማዕድናቱ ጎላ ብሎ የሚታየው ፖታሺየም ነው፤ 147 ሚሊግራም አለው። ካልሲየሙ 16፣ ማግኒዚየሙ 13 ሚሊግራም ነው። ሶዲየሙ ግን 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከቫይታሚኖቹ ቁም ነገር ያለው ቫይታሚን ኬ ነው፤ 16.4 ማይክሮግራም ይገኛል። ቫይታሚን ሲ 2.8 ሚሊግራም፣ ፎሌት 7 ማይክሮግራም አለው።

ቁጥሮቹ ትንንሽ ይመስላሉ። ሆኖም ኪያር የሚበላ ሰው 100 ግራም ላይ አያቆምም። አንድ ረዘም ያለ ኪያር ብቻውን 300 ግራም ያህል ይመዝናል። እሱን ሙሉውን ብትበሉ 45 ኪሎ ካሎሪ፣ 440 ሚሊግራም ፖታሺየም እና 49 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ ታገኛላችሁ። አዋቂ ሴት በቀን 90፣ ወንድ ደግሞ 120 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ እንዲያገኙ ይመከራል። ስለዚህ ለሴቷ ከግማሽ በላይ፣ ለወንዱ 40 በመቶ ያህል ሸፈነ ማለት ነው። ይህ ቀላል አይደለም። ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ የሚያስፈልግ ቫይታሚን ነው፤ አጥንትም ይፈልገዋል።

በቫይታሚን ሲ በኩል ግን ብዙ አትጠብቁበት። ያው ሙሉ ኪያር የሚሰጠው 8 ሚሊግራም ገደማ ነው። የቀኑ መጠን ለሴት 75፣ ለወንድ 90 ነው። ለሱ ብርቱካን፣ ቃሪያ ወይም ጎመን ፈልጉ።

አብዛኛው ውሃ ከሆነ ምን ይጠቅመኛል?

ውሃው ራሱ ጥቅም ነው። በ300 ግራም ኪያር ውስጥ 285 ሚሊሊትር ያህል ውሃ አለ፤ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ማለት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአዋቂ ሴት በቀን 2 ሊትር፣ ለወንድ 2.5 ሊትር ውሃ ሲል ከመጠጥም ከምግብም የሚገኘውን አንድ ላይ ቆጥሮ ነው። ውሃ መጠጣት ለሚከብዳቸው ሰዎች፣ በተለይ ለአረጋውያን፣ ኪያር ጥሩ አጋዥ ነው። የመጠጥ ውሃን ግን አይተካም።

ሁለተኛው ጥቅም ቦታ መያዙ ነው። ሳህን ሞልቶ፣ ሆድ ሞልቶ፣ ካሎሪው ትንሽ ነው። ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከምግቡ በፊት ወይም ከምግቡ ጋር ኪያር ቢበላ ጥሩ ያደርጋል። የኔ ጠብ ከዚያ ቀጥሎ ካለው ምክር ጋር ነው፤ «ለሳምንት ኪያር ብቻ ብሉ» ከሚለው። የኪያር ፕሮቲንም ስብም በጣም ትንሽ ነው፣ ብረቱም እዚህ ግባ አይባልም። ኪያር ብቻ እየበላ የከሳ ሰው ያጣው ጡንቻም ጭምር ነው፤ ወደ ቀድሞ አመጋገቡ ሲመለስም ክብደቱ አብሮት ይመለሳል። ኪያርን ከእንቁላል፣ ከሽምብራ፣ ከእርጎ ጋር ብሉት። ያኔ ሙሉ ምግብ ይሆናል።

«ኪያር የተዘፈዘፈበት ውሃ ሰውነትን ያጸዳል» ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው። ደም የሚያጣሩት ኩላሊትና ጉበት ናቸው። ኪያር ያለበት ውሃ ጣዕሙ ደስ ይላል፤ ደስ ስላለን ብዙ ውሃ ከጠጣን ጥሩ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም።

ይላጥ ወይስ ከነልጣጩ ይበላ?

ልጣጩ ጤነኛ ከሆነ ከነልጣጩ። 100 ግራም ያልተላጠ ኪያር 16.4 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ ሲኖረው፣ የተላጠው 7.2 ብቻ ነው ያለው። ከግማሽ በላዩ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ገባ ማለት ነው። አረንጓዴው ቀለም ያለው እዚያ ነው፤ ቫይታሚን ኬም ከአረንጓዴው ጋር አብሮ ይሄዳል።

የምትልጡበት ምክንያትም አይጠፋም። አንዳንድ ኪያር ልጣጩ ወፍራምና ጠንካራ ነው። አንዳንዱ ይመራል። በአንዳንድ ገበያ ደግሞ እርጥበቱ እንዳይተን የሚበላ ሰም ተቀብቶ ይሸጣል። ሰሙ አይጎዳም፤ ግን አፍ ውስጥ ደስ ካላላችሁ ላጡት። ዝንጉርጉር አድርጎ አንዱን ረድፍ ልጦ አንዱን መተውም አለ፤ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። ልጣጩ ቀጭን የሆነው ረጅሙ ዘር አልባ ኪያር ግን ባይላጥ ይሻላል።

አንድ ነገር ጨምሩበት፤ ቫይታሚን ኬ በስብ የሚሟሟ ቫይታሚን ነው። ኪያሩ ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ ስታደርጉ ሰውነታችሁ በደንብ ይወስደዋል።

ኪያሬ መረረ። ምን ሆኖ ነው?

ይህ ጥያቄ የኪያርን ሙሉ ታሪክ ይዟል። የዱር ኪያር በጣም መራራ ነው። መራራነቱ ኩከርቢታሲን ከሚባሉ ውሁዶች ይመጣል። ተክሉ የሚሠራቸው ራሱን ከሚበሉት ነፍሳትና እንስሳት ለመከላከል ነው። የኪያር ዘመዶች፣ ማለትም ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ቅልና ሐብሐብም ይሠሩታል። ሰው ለብዙ ትውልድ የማይመረውን እየመረጠ ሲዘራ ፍሬው ለስልሶ አሁን የምናውቀው ኪያር ሆነ።

በ2014 እ.ኤ.አ. የቻይና ተመራማሪዎች መራራነቱን የሚያዝዙ ሁለት ጂኖችን ለይተው አሳትመዋል። አንዱ በቅጠሉ ላይ ይሠራል፣ ሌላው በፍሬው ላይ። በምንበላው ኪያር ውስጥ የፍሬው ትእዛዝ ተዳክሟል እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ለዚህ ነው ቅጠሉ መራራ ሆኖ ፍሬው የሚጣፍጠው። ተክሉ ሲጨነቅ፣ ማለትም ውሃ ሲያጣ፣ ሙቀት ሲበረታበት ወይም አየሩ ሲለዋወጥበት፣ ፍሬው ላይ መራራነቱ ብቅ ሊል ይችላል። ጓሮ የምታለሙ ሰዎች ውሃ አታቋርጡበት።

መራራው በብዛት የሚከማቸው ከሐረጉ ጋር በተያያዘው ጫፍ በኩልና ከልጣጩ ሥር ነው። ስለዚህ ያንን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ቆርጣችሁ ጣሉና የቀረውን ላጡት፤ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ጫፉን ቆርጦ በቆረጡት ማሸት፣ ነጭ አረፋ እስኪወጣ መፈተግ የሚባል ልማድ አለ። የሚጠቅመው መቁረጡ ነው፤ ማሸቱ ከውስጥ ያለውን መራራ ስቦ አያወጣም።

ከሁሉ በላይ ይህንን ያዙ። ኪያርም ሆነ ዝኩኒ አፍ የሚያጣምም ምሬት ካለው ተፉት፣ ቀሪውንም ጣሉት። ኩከርቢታሲን ሲበዛ ማስመለስና ከባድ ተቅማጥ ያመጣል። ቢቀቀልም አይጠፋም። ለምግብ ማዘን ጥሩ ነው፤ ይሄኛው ግን አይታዘንለትም።

ሜሎን አጠገብ ስለተተከለ ነው የመረረው ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው ነው። ኪያር 7 ጥንድ ክሮሞዞም አለው፣ ሜሎን 12። ቢጎራበቱም አይዳቀሉም።

ኪያር መጀመሪያ ከየት መጣ?

ከሕንድ ክፍለ አህጉር። የዱር ዘመዱ ዛሬም በሂማላያ ተራሮች ግርጌ ይበቅላል። ፍሬው ትንሽ ነው፣ ይመራልም። እዚያ አካባቢ ሰዎች ኪያርን ማልማት ከጀመሩ ቢያንስ 3,000 ዓመት ሆኗል ይባላል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ የተጓዘበት ታሪክ ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይነገራል። የሮማው ጸሐፊ ሽማግሌው ፕሊኒ ስለ ንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ የጻፈው አለ። ጢባርዮስ አንድ አትክልት በጣም ስለሚወድ ከገበታው ሳይጠፋ እንዲውል አትክልተኞቹ መደቡን ጎማ ባለው ሳጥን ላይ ይሠሩት ነበር። ፀሐይ ሲወጣ ወደ ውጭ ይገፉታል፣ ሲበርድ ብርሃን በሚያሳልፍ ድንጋይ ይከድኑታል። ያ አትክልት ኪያር ነው ተብሎ በየቦታው ይጻፋል። የጥንት ሥዕሎችንና ገለጻዎችን የመረመሩ የዕፅዋት ታሪክ ሊቃውንት ግን ያ ረጅምና ፀጉራማ የሜሎን ዓይነት ነበር ይላሉ። በጥንታዊት ግብፅ ስለተበላው «ኪያር»ም የሚሉት ይህንኑ ነው። እውነተኛው ኪያር አውሮፓ የደረሰው ዘግይቶ፣ በመካከለኛው ዘመን ነው። እኔ ከጢባርዮስ ታሪክ የምወደው ያንን ተንቀሳቃሽ መደብ ነው። ውስጡ የነበረው ሜሎንም ይሁን ኪያር፣ ከግሪንሃውስ የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ ነበር።

ኮሎምበስ በሁለተኛ ጉዞው፣ በ1494 እ.ኤ.አ.፣ ዘሩን ወደ ሄይቲ እንደወሰደ ይነገራል። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው ኪያር ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ከቻይና ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሙሉ የዘር ካርታው ተነብቦ ሲታተም ከአትክልቶች ሁሉ የመጀመሪያው ነበር።

ፍራፍሬ ነው ወይስ አትክልት?

ለዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬ ነው። ከአበባ ይወጣል፣ ዘር ይይዛል። ለወጥ ቤት አትክልት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1893 እ.ኤ.አ. ስለ ቲማቲም ቀረጥ ሲወስን ኪያርንም ጠቅሶ፣ በዕፅዋት ጥናት ፍሬ ቢሆኑም በሕዝብ አነጋገር አትክልት ናቸው ብሏል። ሁለቱም ትክክል ነው።

የሚገርመው የምንበላው ሳይበስል መሆኑ ነው። ሐረጉ ላይ ከተተወ ይወፍራል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ዘሩ ይጠነክራል፣ ጣዕሙም ይኮመጥጣል። ቢጫ የጀመረ ኪያር ገበያ ላይ ካያችሁ ዕድሜው አልፏል።

ከቲማቲም ጋር አይበላም የሚባለው ለምንድን ነው?

ወሬው መነሻ አለው። ኪያር ውስጥ ቫይታሚን ሲን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ። ኪያሩ ሲከተፍ ኢንዛይሙ ይለቀቅና በአጠገቡ ካለው ቲማቲም ቫይታሚን ሲ መቀነስ ይጀምራል። ይሁንና ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ሎሚ ወይም አቸቶ ደግሞ ያዳክመዋል። ሆዳችሁ ውስጥ ያለው አሲድም እንዲሁ። ሰላጣውን ሎሚ ጨምቃችሁበት ወዲያው ከበላችሁት የምታጡት ነገር ጥቂት ነው። ከትፎ ለሰዓታት ማስቀመጥ ነው ጥሩ ያልሆነው። ስለዚህ የኪያርና የቲማቲምን ጋብቻ አታፍርሱ።

ሲቆረጥ የሚወጣው ሽታ ከየት ነው?

ሙሉውን ኪያር ብታሸቱት ብዙም አይሸትም። ቢላ ሲያርፍበት ግን ቤቱን ይሞላዋል። ሽታው ቀድሞ የተቀመጠ አይደለም፤ ሥጋው ሲቆረጥ ኢንዛይሞች ከቅባት አሲዶቹ እዚያው ላይ ይሠሩታል። ለዚህ ነው አሁን የተቆረጠ ኪያር ከትናንቱ ጋር የማይወዳደረው።

ልጣጩን ልጥል ከሆነ ማጠብ ለምን አስፈለገ?

ቢላው የልጣጩን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ኪያር በጥሬው ስለሚበላ ጀርሙን የሚገድል እሳት የለም። ይህን በቀላሉ አትዩት። በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከኪያር ጋር የተያያዘ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ወረርሽኝ ከ900 በላይ ሰዎችን አሳምሟል፤ 6 ሰዎችም ሞተዋል።

የተበደለበት ጊዜም አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ በኢ.ኮላይ ባክቴሪያ ከ50 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ባለሥልጣናት መጀመሪያ ጣታቸውን የቀሰሩት ከስፔን በመጣ ኪያር ላይ ነበር። ገበሬዎች ምርታቸውን ጣሉ፣ ብዙ ገንዘብ ከሰሩ። ኋላ ሲጣራ ምንጩ የበቀለ አብሽ ሆኖ ተገኘ። ወረርሽኙ ከኪያሩ አልመጣም ነበር።

አጠባቡ ቀላል ነው። እጃችሁን ታጠቡ። ኪያሩን በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ሥር በእጅ ወይም በንጹሕ ብሩሽ እሹት። ሳሙና አያስፈልግም፤ እንዲያውም ልጣጩ ሊመጠው ስለሚችል አይመከርም። በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አታስቀምጡት።

ፍሪጅ ውስጥ ለምን ይበሰብሳል?

ብርድ ስለማይወድ። የሚስማማው ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ ልጣጩ ይሰረጉዳል፣ ይላቆጣል፣ ይሟልጫል። ፍሪጁ ብርድ ከሚበረታበት ጥግ አርቃችሁ በር አካባቢ አስቀምጡት። በወረቀት ወይም በጨርቅ ጠቅልሉት።

ከሙዝ፣ ከፖምና ከቲማቲም አርቁት። እነዚህ ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፤ ኪያሩን ቶሎ ቢጫ ያደርገዋል። የተቆረጠውን ከድናችሁ በአንድ ሁለት ቀን ጨርሱት።

ዘሩ ይበላል? ያስገሳኛልና።

ይበላል። ትልልቅና ጠንካራ ከሆነ ብቻ በማንኪያ ፍቃችሁ አውጡት። ኪያር የሚያስገሳቸው ሰዎች አሉ፤ ልጣጩ ቀጭን፣ ዘር አልባውን ቢሞክሩ ይሻላቸዋል። ዘር አልባው ያለ ንብ እርዳታ የሚያፈራ ዝርያ ነው። ንብ ገብታ ብታራክበው ዘር ይይዛል፣ ቅርፁም ይበላሻል።

በጨውና በአቸቶ የተዘጋጀው ያው አይደለም?

ኪያርነቱ ያው ነው፤ ጨዉ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥሬው በ100 ግራም 2 ሚሊግራም ሶዲየም ሲኖረው፣ በጨው የተዘጋጀው ከ800 በላይ ሊኖረው ይችላል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ጥሬውን ይምረጥ።

መጠንቀቅ ያለበት ማን ነው?

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ኬ ይመለከተዋል። ኪያር መተው የለበትም፤ ግን አንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ሌላ ሳምንት ምንም ማድረግ መድኃኒቱን ያዛባል። መጠኑን አንድ ዓይነት ያድርገው፣ ሐኪሙንም ያማክር። ራግዊድ ለሚባለው አረም ብናኝ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ጥሬ ኪያር ሲበሉ አፋቸውን ሊያሳክካቸው፣ ከንፈራቸውን ሊያሳብጣቸው ይችላል። ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ግን ካርቦሃይድሬቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከሚስማሙት ምግቦች አንዱ ነው።

ለትንንሽ ልጆች ክብና ወፍራም አድርጋችሁ አትቁረጡ፤ ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል። በቁመቱ ቀጠን አድርጉት። ሲበሉም አጠገባቸው ሁኑ።

ዓይን ላይ ማስቀመጡስ?

ያቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜውም ያበጠን ዓይን ለጊዜው ያሳርፋል። በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅም ያው ነው። ብትበሉት ይሻላል።

ሰላጣዬ ለምን ውሃ ያቋጥራል?

ጨው ከኪያሩ ውስጥ ውሃ ስለሚስብ ነው። ሁለት መንገድ አለ። ወይ ጨዉን ልትበሉ ስትሉ፣ መጨረሻ ላይ ነስንሱት። ወይ ደግሞ የተከተፈውን ኪያር ቀድማችሁ ጨው ነስንሱበትና 20 ደቂቃ ያህል ወንፊት ላይ አቆዩት። ውሃው ሲንጠባጠብ ጨመቅ አድርጋችሁ ከሌላው ጋር ቀላቅሉት። በሁለተኛው መንገድ ኪያሩ ይበልጥ ይንኮሻኮሻል፤ ተጨማሪ ጨው ግን አትጨምሩበት።